ወገብና ቁመት ብቻ

ለታላቅ ወንድሜ፣

ወንድም ጋሼ፣ እንደምን ከርመሃል? ወገብህስ እንዴት ሆነልህ? አሁንም ከወንበር ስትነሣ ጠረጴዛውን ትደገፋለህ ወይስ ለቀቀህ? ባለቤትህ ደህና ናት? ሱቁስ እንዴት ይዟችኋል? ትልቁ ልጅህ አሁንም በር ሳያንኳኳ ይገባል? የትንሿስ የፊት ጥርስ በቀለ? እማዬ ደህና ናት ወይ ብዬም እጠይቃለሁ፤ ግን «ደህና ናት» ብለህ በአንድ ቃል እንዳታልፈኝ፤ ስለ እሷ ገና ብዙ የምንባባለው አለ። እኔ ደህና ነኝ። የሚያመኝ የለም፣ የጎደለኝም የለም። ንዴት ብቻ ሞልቶ ተርፎኛል፤ ከእሱም የአንተ ድርሻ ስላለበት ይኸው በፖስታ ልኬልሃለሁ።

ደብዳቤህ የደረሰኝ ማክሰኞ ነው። እማዬ በሰማያዊ የተማሪ ሱሪ ላይ ጥቁር ኪስ ሰፍታ የልጁ እናት መጥታ እንደጮኸችባት፣ መርፌ ላይ ክር ለማስገባትም ዓይኗ እምቢ እንዳላት፣ ስለዚህ የስፌት መኪናዋን ለጎረቤታችን ልብስ ሰፊ ልትሰጠው እንደወሰንክ ጽፈሃል። «በቃት፤ አሁን ትረፍ» ብለሃል። ደግ ቃል ነው። እኔ ግን ሳነበው እርር ድብን አልኩ። ያኔ ለምን እንደዚያ እንደሆንኩ ለራሴም በደንብ አልገባኝም ነበር፤ ሳምንቱ ሲያልቅ ገባኝ። አንተም እንዲገባህ የሆነውን ልንገርህ። ደብዳቤውን ሳትጨርስ መኪናዋን ከቦታዋ እንዳታነቃንቃት።

ቲያትር ቤት እንደምሠራ ታውቃለህ። ምን እንደምሠራ ግን ጠይቀኸኝ አታውቅም፤ ለሰው ሁሉ «እህቴ ኮምፒውተር ትነካካለች» ነው የምትለው። እንግዲህ ዛሬ ስማ። ክፍላችን ከአዳራሹ በስተኋላ ከፍ ብሎ ያለ ጠባብ ክፍል ነው። ግድግዳው ጥቁር ምንጣፍ ለብሷል፤ ፊት ለፊት መድረኩን የሚያሳይ መስታወት አለው። ወለሉ ላይ ገመድ ስለሚተራመስ እግሩን ሳያነሣ የሚራመድ ሰው አፍንጫውን ይሰብራል። ዝናቡ፣ ነጎድጓዱ፣ የባቡሩ ፉጨት፣ ተመልካች ከመድረኩ ጀርባ የመጣ የሚመስለው ድምፅ ሁሉ የሚወጣው ከዚያ ነው።

ይህን ሁሉ የምናዘው በአንድ ፕሮግራም ነው። ብዙ መስመር ኮድ አይጻፍበትም፤ ይሳልበታል ብል ይሻላል። ስክሪኑ ላይ ሳጥን ታስቀምጣለህ፣ አጠገቡ ሌላ ሳጥን ታስቀምጣለህ፣ ከዚያ በመስመር ታገናኛቸዋለህ፤ ድምፁም በመስመሩ ከአንዱ ወደ ሌላው ያልፋል። ከሳጥኖቹ መካከል ተንሸራታች የምንለው አለ፤ ወደ ላይ ስትገፋው ድምፅ ይጨምራል፣ ወደ ታች ስታወርደው ይቀንሳል። ፕሮግራሙን የሠሩት ሌሎች ሰዎች ናቸው፤ ማንም ወስዶ እንደሚመቸው እንዲያስተካክለው ትተውታል። የቲያትር ቤታችንን ቅጂ የማስተካክለው እኔ ነኝ።

ያንን ተንሸራታች ቀኑን ሙሉ የሚገፉት የድምፅ ባለሙያችን ናቸው። ጋሽ ጆሮ እንላቸዋለን፤ ጨለማው አዳራሽ ውስጥ አንድ ሰው ሲስል ማን እንደሆነ ይነግሩሃል። ዓይናቸው ቀስ በቀስ ደክሞ ደክሞ ከጠፋ ቆይቷል። ስክሪኑ ላይ የተጻፈውን ጮክ ብሎ የሚያነብላቸው ሌላ ፕሮግራም አለ፤ በአንድ ጆሯቸው እሱን፣ በሌላው መድረኩን ያዳምጣሉ። በዓይናቸው የሚቀልዱት ራሳቸው ናቸው። አንድ ቀን ረስቼው መነጽሬን አይተው እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ «ዓይኔን ግንባር ያድርገው ብዬ እንዳልምልልሽ፣ እግዜር ቀድሞኝ አድርጎታል» አሉኝ።

አዲስ ቲያትር በመጣ ቁጥር አዲስ ተንሸራታቾች ይፈጠራሉ። እዚህ ላይ ነው ጣጣው። አንደኛው መንገድ በመዳፊት ጠቅ አድርጎ ትንሽ መስኮት ከፍቶ መሙላት ነው፤ የሚያነብላቸው ፕሮግራም ያችን መስኮት ሲያገኝ ዲዳ ይሆናል። ሁለተኛው ቁጥሮችን በሳጥኑ ውስጥ በተራ መጻፍ ነው፦ ስፋቱ፣ ቁመቱ፣ የታችኛው ጫፍ፣ የላይኛው ጫፍ፣ የመለያ ጽሑፉ ቦታ፣ የፊደሉ መጠን፣ የጀርባው ቀለም፣ የጽሑፉ ቀለም፣ ሌላም ሌላም። አንዱን ከዘነጋህ ፕሮግራሙ የጻፍከውን ሁሉ ንቆ ይተውና እንደልማዱ ያለ ተንሸራታች ይሰጥሃል። እስቲ ፍረድ፤ ለማያይ ሰው «የጀርባዬን ቀለም ካልነገርከኝ ድምፅህን አላዝልህም» ማለት ምን ይባላል? ስለዚህ ጋሽ ጆሮ ለእያንዳንዷ ተንሸራታች እኔን መጥራት ነበረባቸው። እስክመጣ ድረስ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣጥፈው ይቀመጣሉ። እኔ ደግሞ ሁልጊዜ ቶሎ አልመጣም።

እማዬ ልኬት ስትወስድ ታስታውሳለህ? ሜትሯን ከአንገቷ ታወርድና ወገብና ቁመት ትለካለች፤ በቃ። ኪሱ ምን ያህል ይጥለቅ፣ ክሩ ምን ያህል ይወፍር፣ የቁልፉ ቀዳዳ ወዴት ይዙር ብላ ደንበኛ አድርቃ አታውቅም። እሱን እሷ ታውቀዋለች። የተለየ የሚፈልግ ደግሞ ራሱ ይናገራል። እኔም የሠራሁት ይህንኑ ነው፤ ከእሷ ሰርቄ። ሳጥኑ ውስጥ «ተንሸራታች» ብሎ ጽፎ፣ «ወሰን» የምትል ቃል አስከትሎ፣ የታችኛውንና የላይኛውን ጫፍ መስጠት እንዲበቃ አደረግሁ። የቀረውን ፕሮግራሙ ራሱ ይሞላዋል። ቀለሙ የሚያሳስበው ሰው ካለ በኋላ ይቀይር።

ጋሽ ጆሮ የሞከሩት ዕለት አጠገባቸው ቆሜ ነበር። አንድ ጻፉ፤ አነበበላቸው። ሌላ ጻፉ። ለዝናቡ፣ ለነፋሱ፣ ለውሻው፣ ለሁሉም ተራ በተራ ደረደሩና ምሳ እንሂድ ብላቸው አልሰማ አሉ። «ሂጂ አንቺ፤ ዛሬ ማንንም አልጠራም» አሉኝ። ወንድም ጋሼ፣ ደስታዬን ምን ብዬ ልንገርህ። ብቻዬን በልቼ፣ ብቻዬን ፈገግ እያልኩ ተመለስኩ።

እንግዲህ ወደ ንዴቱ እየመጣሁ ነው። ክፍላችን ኃላፊ አለው። ሸሚዙም፣ ሱሪውም፣ ንግግሩም የተተኮሰ ስለሆነ ከኋላው «ካውያ» እንለዋለን። ሥራዬን አሳየሁት። ሐሳቡ ደስ አለው፤ ያቺ «ወሰን» የምትለው ቃል ግን ለዓይን አላማረችውም። ቁጥሮቹ ብቻቸውን ቢጻፉ ይበልጥ ንጹሕ ይሆናል አለ። ቃሏ ጌጥ እንዳልሆነች አስረዳሁት። በአሮጌዎቹ ቲያትሮች ፋይሎች ውስጥ ድሮ አንድ ሰው ስፋትና ቁመት ብሎ ሁለት ቁጥር ጽፎ ሰልችቶት የተዋቸው ተንሸራታቾች አሉ። ፕሮግራሙ እስከ ዛሬ እየናቃቸው አልፏል። «ወሰን» የምትለው ቃል ከሌለች ግን ስፋቱን የታችኛው ጫፍ፣ ቁመቱን የላይኛው ጫፍ አድርጎ ይወስዳቸዋል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ኮምፒውተርንም ጨምርበት። ካውያ ይህን ሁሉ ራሱን እየነቀነቀ ሰማኝ። እኔም የገባው መስሎኝ ሄድኩ።

አልገባውም፤ ወይም ገብቶት ንቆኛል። እኔ ትንሹን አዳራሽ ሳስተካክል በዋልኩበት ቀን ቁጥሮቹ ያለ ቃሏም እንዲሠሩ አድርጎ ድምፅ ክፍሉ ኮምፒውተር ላይ ጫነው። ለዳይሬክተሯም «አሻሽዬዋለሁ» ብሎ ነገራት። ለእኔ ግን ትንፍሽ አላለም። ለጋሽ ጆሮማ ጭራሽ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ የሚባለው ለዚህ ነው።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አምና የሠራነውን ቲያትር እንደገና ለማሳየት ዋናው ልምምድ ነበር። እንግዶችም ተጠርተው ፊት ወንበሮች ላይ ተቀምጠዋል። የማዕበሉ ትዕይንት ደረሰና ጋሽ ጆሮ ነጎድጓዱን ቀስ አድርገው ከፍ አደረጉ። የነጎድጓዱ ተንሸራታች ከእነዚያ በጅምር ከቀሩት አንዱ ነበር። ሲወጣ ከወትሮው ጫፍ አልፎ እጥፍ ጮኸ፤ ሲወርድ ደግሞ ታች ደርሶም ዝም አይልም፤ ታችኛው ጫፉ ዜሮ መሆኑ ቀርቷልና። እኔ ኮሪደር ላይ ሆኜ ጣሪያው የወረደ መሰለኝ። ሮጬ ስገባ ተዋናዮቹ መድረኩን ጥለው ወርደዋል፤ እንግዶቹ ጆሯቸውን ይዘዋል። ካውያ ድምፅ ክፍሉ ውስጥ እንደ ሌሎቹ ጆሮውን ይዞ «ቀንሰው! ቀንሰው!» ይላል። ጋሽ ጆሮ ተንሸራታቹን እስከ ታች አውርደውታል፤ የሚያነብላቸውም ታች ደርሷል ብሏቸዋል። ከዚህ በላይ የሚወርድበት የለም። ወለሉ ላይ በርከክ ብለው ገመዶቹን በእጃቸው እየዳበሱ ሄዱና ዋናውን ነቀሉት። ያኔ ጸጥ አለ።

ዓርብ ጠዋት ዳይሬክተሯ ቢሮ ተጠራን፤ ካውያና እኔ። ጋሽ ጆሮ አልተጠሩም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው አይደል የሚባለው፣ እንዲያው ሆነ። ካውያ በተተኮሰ አማርኛው ሰውዬው ስክሪኑን ማየት ቢችሉ ኖሮ ተንሸራታቹ እንደተበላሸ ቀድመው ያውቁ እንደነበር አስረዳ። «ሰውዬው» ነው ያላቸው። ዳይሬክተሯ ክፉ ሰው አይደለችም። አዝና፣ ብዙ አገልግለዋል፣ ክብራቸውን ጠብቀን በር ላይ እንግዳ ይቀበሉ፣ አለች። ከዚያ ምን አለች መሰለህ? «አሁን ይረፉ።» በቦታቸው እኔ እንድቀመጥም ሐሳብ አቀረበች። ወንድም ጋሼ፣ ደብዳቤህ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ያችኑ ቃል ሁለተኛ ስሰማ ደሜ ፈላ።

ኮምፒውተሬን ከፈትኩ። ያንኑ የአምናውን ፋይል መጀመሪያ እኔ በሠራሁት፣ ቀጥሎ ካውያ «ባሻሻለው» ከፈትኩላቸው። በመጀመሪያው ነጎድጓዱ ልኩን ይዞ መጥቶ ልኩን ይዞ ሄደ፤ በሁለተኛው ጠረጴዛው ላይ ያለው ብርጭቆ ተንቀጠቀጠ። ካውያ ዋናው ነገር ማን ቀየረው ሳይሆን ወደፊት እንዳይደገም ነው አለ። አየህ፣ እሱ ሲያጠፋ «ወደፊት»፣ ሌላው ላይ ሲላከክ ግን «ሰውዬው»። እኔም ድምፄን ሳልቀንስ ተናገርኩ፦

«አላዩም ትላላችሁ። እናንተ አላያችሁም ወይ? እዚያ ክፍል ውስጥ የነበረው ዓይን ሁሉ ጆሮውን ይዞ ቆሞ ነበር። ገመዱን የነቀሉት እሳቸው ናቸው።»

ዳይሬክተሯ እስክሪብቶዋን አገላበጠች። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም። እስከ ሰኞ ላስብበት አለችና በተነችን። እኔ ግን ደረቴን ነፍቼ ነበር የወጣሁት። በቀጥታ ወደ ጋሽ ጆሮ ሄድኩ። ገመድ በክርናቸው ላይ እየጠቀለሉ ነበር። እንዴት እንደተከራከርኩላቸው፣ ካውያን እንዴት እንዳዋረድኩት፣ ከቦታቸው ማንም እንደማያነሣቸው ሳላቋርጥ ነገርኳቸው። ልክ ነው፣ ምስጋና ጠብቄያለሁ። እሳቸው ገመዱን ጠቅልለው ጨረሱ፣ ሚስማሩ ላይ ሰቀሉት፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«እሱ ይውጣ አለ፤ አንቺ ይቀመጥ አልሽ። እኔን ማን ጠየቀኝ?»

ሁሉም ሰው እጃቸውን ይዞ መንገድ ሊያሻግራቸው እንደሚጣደፍ፣ ወዴት እንደሚሄዱ ግን የሚጠይቃቸው እንደሌለ ነገሩኝ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ጃኬታቸውን አድርገው፣ ልከተልዎ ብላቸው እምቢ ብለው፣ ብቻቸውን ወደ ዳይሬክተሯ ቢሮ ወጡ።

የጠየቁት ነገር እኔ ባስብ ባስብ የማልደርስበት ነው። ቃሏ ወደ ቦታዋ ትመለስ አሉ። ያለ እሳቸው ዕውቅና ማንም ያንን ኮምፒውተር እንዳይነካ አሉ። አሮጌዎቹን ቲያትሮች ግን አልፈልጋቸውም፣ ለሚያይ ሰው ስጡልኝ አሉ። ሌላ ሰው በጅምር ጥሎት የሄደውን ጣጣ እየዳበሱ መኖር ሰልችቷቸው ኖሯል። አዲሶቹን፣ ከመጀመሪያዋ ሳጥን ጀምሮ በገዛ እጃቸው የሚሠሯቸውን ብቻ ነው የፈለጉት። እኔ ሁሉንም ላስጠብቅላቸው ስጮህ፣ እሳቸው ግማሹን መጣል ነበር የናፈቃቸው። ዳይሬክተሯ ሰኞ ድረስ ማሰብም አላስፈለጋት፤ እዚያው እሺ አለች። ያ ሁሉ ስብሰባ የአንድ ጥያቄ ሥራ ነበር። ቃሏን ዓርብ ማታውኑ መለስኳት። ካውያ እስከ ዛሬ ይቅርታ አልጠየቃቸውም፤ ለእኔም ሰላምታ ነስቶኛል። እሱ እንኳ ጥቅም ነው፤ ጠዋት ጠዋት የሚያልፍብኝ ጊዜ ተረፈኝ።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። በጣም ተናድጄብሃለሁ። እማዬ አንተን ያስተማረችህ በዚያች መኪና ነው፤ እኔንም ለዚህ ያበቃችኝ ያችው ናት። እግሯ መርገጫው ላይ ሳይሆን ያደርንበት ምሽት ትዝ አይለኝም። አንድ ጥቁር ኪስ ሰፋች ብለህ መኪናዋን ለጎረቤት? አንተ በሱቅህ ለደንበኛ የተሳሳተ ዕቃ አሳልፈህ የሰጠህ ቀን ማን መጥቶ ሚዛንህን ወሰደብህ? «ትረፍ» አልክ። ሰው የሚያርፈው ሲደክመው ነው እንጂ ሌላው በእሱ ሲሰለች አይደለም። ይህን ስጽፍ እስክሪብቶዬን ወረቀቱ ላይ አጥብቄ እየተጫንኩ ነው፤ ጽሑፌ ከተበላሸ ምክንያቱ አንተ ነህ።

ማክሰኞ ደብዳቤህን እንዳነበብኩ የመልስ ወረቀት አውጥቼ ትእዛዝ ልደረድርልህ ነበር። ጠዋት ሱቅ ከመክፈትህ በፊት በብዙ መርፌ ክር አስገብተህላት ውጣ፣ የክሮቹን ቀለም በካርቶን ላይ በትልቁ ጽፈህ ለጥፍላት፣ መኪናዋን ወደ መስኮቱ አስጠጋላት። ዛሬም መጥፎ ምክር አይመስለኝም። ግን ያንን ሁሉ ሳስብ እኔም አልጠየቅኋትም። ምናልባት የተማሪ ሱሪ አንገሽግሿት መጋረጃ ብቻ መስፋት ትፈልግ ይሆናል። ምናልባት ያችን መኪና ዕድሜ ልኳን ጠልታት፣ ለእኛ ስትል ዝም ብላ ይሆናል። ምናልባት መስጠቱን ትፈልጋለች፣ ግን ለዚያ ልብስ ሰፊ አይደለም። አላውቅም። አንተም አታውቅም። እኔን ያናደደኝ እሱ ነው።

ለባለቤትህ የከበረ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ በደብዳቤዬ አትዘንብኝ፣ እሷ በዚህ ነገር እጇ እንደሌለበት አውቃለሁ። ለትልቁ ልጅህ በር ማንኳኳት እስኪለምድ በሩቁ ሳምኩህ በለው። ትንሿን ጉንጯን ሳምልኝ፤ ጥርሷ ሲበቅል ፎቶ እጠብቃለሁ። ለጎረቤታችን ልብስ ሰፊም ሰላም በልልኝ፤ እጁን ግን ለጊዜው ኪሱ ያድርግ። አንተም ወገብህን ጠብቅ፤ ብናደድብህም ወንድሜ ነህ፣ ሌላ ታላቅ ወንድም የለኝም።

የቀረው ሰላምታ የእማዬ ነው። ዓይኗ ፊደል እንደማያነብላት ጽፈህልኛል፤ ስለዚህ አሁን ተነሥና ወደ እሷ ሂድ። ሌላውን ልታነብላት አትገደድም፤ ከዚህ በታች ያለውን ግን አንድም ቃል ሳትዘል፣ ጮክ ብለህ አንብብላት። ስትጨርስ ወረቀቱን እጠፈውና ዝም በል። እኔን ወክለህ አትናገር፤ ራስህንም ወክለህ አትናገር።

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ነኝ፣ ልጅሽ። ወንድም ጋሼ መኪናሽን ለጎረቤት ሊሰጠው ነው፤ እኔ ደግሞ አትስጥ እያልኩ እየተጣላሁት ነው። ሁለታችንም ስለ አንቺ ስንነጋገር አንቺን አልጠየቅንሽም። አሁን ልጅሽ ፊትሽ ቆሟል፤ ያልሽውን ሁሉ ሊሰማ ነው የመጣው። እማዬ፣ አንቺ ምን ትፈልጊያለሽ?

ከድምፅ ክፍሉ
ጥቅምት 19 ቀን